ሴና ወደ ነገሌ ሄደች

እማዬ፣

አዋሽ ሞልቶ ከወሰደሽ ይኼ ሁለተኛው ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ደህና ወሬ ስላልነበረኝ ነው።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ደለል ሆኗል፤ በሩ በየት በኩል እንደነበር እንኳ አይለይም። የተጠለልንበት ትምህርት ቤት ሲከፈት ውጡ ተባልን። እኔና ሴና አዳማ መጣን። መናኸሪያው አጠገብ ያላለቀ ፎቅ ውስጥ እናድራለን፤ ቀን ቀን ሶፍትና ማስቲካ እሸጣለሁ። ወዴት እንደምሄድ አስቤ አስቤ ደከመኝ። የምመለስበት ቤት የለም፤ እዚህም የሚያውቀኝ የለም።

ትንሿ ልጅሽ ሴና ካንቺ በኋላ አፏን ዘጋች። ሰማዩ ሲጠቁር ሮጣ ደረጃውን ትወጣና ከምሰሶው የወጣውን ብረት ትጨብጣለች። ብለምናትም ብቆጣትም አትወርድም። አብሬያት ከመቀመጥ ሌላ ምንም አልቻልኩም።

ከዚያ ሐዋ እኛ ወዳለንበት ፎቅ መጣች። በፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤታቸው ፈርሶ ብቻዋን የቀረች፣ የሴና እኩያ ናት። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። አንድ ቀን ሲኖትራክ ሲያልፍ ሴና ተነሥታ እጇን ያዘቻትና፣ «መኪና ነው እኮ። መሬቱ አይደለም። ይኸው፣ ሄደ» አለቻት። ካንቺ በኋላ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ ሐዋ ታቅፋታለች። ሴና አሁንም ትፈራለች፤ ግን ደረጃውን መውጣት ትታለች።

ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ ገመቹ ከአርሲ ነገሌ መጥቶ ፈልጎ አገኘን። አቅፎን አለቀሰ። «አንዷን ነው የምችለው፣ ልጆቼ» አለ፤ እንዳልዋሸ ፊቱ ይናገራል። ሴና ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። «እዚያ ሲዘንብ ማን አለኝ?» አለችኝ። ጣቶቿን አላቅቄ ሚኒባሱ ውስጥ አስገባኋት።

ትናንት ደወለች። ነጎድጓድ ሲመታ የገመቹ ትንሹ ልጅ አልቅሶ እሷ እንዳባበለችው ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ሐዋን ጥዬ አልሄድም፤ ይዣት የምሄድበትም የለኝም።

እማዬ፣ አስከሬንሽ ስላልተገኘ መቃብርሽ ላይ ቆሜ አላለቅስልሽም፤ ፎቶሽም የለኝም። ዛሬ የሐዋን ፀጉር ስሠራ አንገቷን አዘነበለችብኝ። «ቀጥ በይ፣ የኔ ማር» አልኳት፤ ልክ አንቺ እኛን ስትሠሪ እንደምትይው።

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?» ብላ ሳቀች።

«እናቴ» አልኳት። ስለ አንቺ ብዙ ነገርኳት። ነገም እነግራታለሁ።

ልጅሽ ጫልቱ