በባሮ ጀልባ ላይ የቆመው ሰው

ሰኞ፣ ነሐሴ 23
ጣሪያው አፍስሶ የአባቴን ሣጥን አርሶታል። ያየሁት ጠዋት ስቱዲዮውን ስከፍት ነው። የመስታወት ነጌቲቮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጋዜጣ ላይ ደረደርኳቸው። የድሬዳዋ ባቡር። ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ላይ ቡና የሚጭኑ የእንፋሎት ጀልባዎች። አባቴ በወጣትነቱ ከነጋዴ ጋር እየዞረ ያነሳቸው ናቸው። አራቱ ተጣብቀው ቀሩ። አላለቀስኩም፤ ምሳ ግን አልበላሁም።

ማክሰኞ 24
የቀበሌው ጓድ ታደሰ መጣ። ለአብዮት በዓል የወዛደሩን ሥራ የሚያሳይ ፎቶ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል አለ። ባቡሮቹን ወደዳቸው። ጀልባዋ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ፤ የእንግሊዝ ባንዲራ አለባት። ባንዲራውን ቆርጬ እንዳስረክብ ነገረኝ። ዓርብ ይወስዳል።

ረቡዕ 25
ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል። ስድስት ፎቶ አጠብኩ፣ ከጀልባዋ አንድ ብቻ። ሁለተኛውን ላትም ስል የነጌቲቩ ሽፋን ተላጦ እጄ ላይ ቀረ። መቀሱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ባንዲራው ሥር አንድ ወጣት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ባንዲራው ሲቆረጥ እጁም አብሮ ሊቆረጥ ነው። ለጊዜው ሁሉንም መስኮቱ ላይ ሰቀልኳቸው።

ሐሙስ 26
የገበያ ቀን ስለሆነ መስኮቱ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ባቡርም ጀልባም ያላየ ብዙ ነው። ሁሉም ሲበተኑ አንድ ሽማግሌ ቀሩ። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። አባ ቢያ ይባላሉ፤ የየቡ ሰው ናቸው።
ጀልባዋ ላይ ባንዲራው ሥር የቆመውን ወጣት እያሳዩ «ይሄ ወንድሜ ሸምሱ ነው» አሉኝ።
ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሁለቱ በበቅሎ ቡና ጭነው ጋምቤላ ወረዱ። ሸምሱ ጀልባዋ ላይ ሥራ አገኘና ሄደ። አባ ቢያ ሁለቱን በቅሎ እየነዱ ብቻቸውን ተመለሱ። የአገሩ ሰው «ለበቅሎዋ ብሎ ወንድሙን ገደለው» ብሎ አወራ። ሸቤ የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው፣ አዴ ሐሊማ፣ ከዚያ ወዲህ አላናገሯቸውም። ባለሦስት እግር ሣጥን ይዞ ዳር የቆመ ቀጭን ሰው ትዝ ይለኛል አሉ። አባቴ ነው።

ዓርብ 27
ጓድ ታደሰ መጣ። ፎቶውን አልቆርጥም አልኩት። ድምፄ ግን ቀጭን ነበር። የአባ ቢያን ታሪክ እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ቆሞ ሰማ። ፎቶውን አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።
«ባቡሮቹ ይበቃሉ» አለና አምስቱን ይዞ ሄደ። አልሐምዱሊላህ። ቡና አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ 28
ከአባ ቢያ ጋር ሸቤ ሄድን። መንገዱ ጭቃ፣ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተያዘ። ፎቶው እንዳይረጥብ ደረቴ ውስጥ ይዤዋለሁ።
አዴ ሐሊማ በር ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ቡና ይለቅማሉ። ወንድማቸውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። አባ ቢያ አጥሩ ጋ ቆመው ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ያነሳው አባቴ እንደሆነ ነግሬ ፎቶውን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ አርቀው፣ አቅርበው አዩት። ጣታቸው የልጁ ትከሻ ላይ ቆመ።
«ጋቢውን የፈተልኩለት እኔ ነኝ» አሉ። ፊቱን አይተው ደግሞ «እየሳቀ ነው እኮ» አሉ።
ሸምሱ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አባ ቢያም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ሰፌዱን ከጎናቸው ካለው ዱካ ላይ አንስተው ወደ አጥሩ ተመለከቱ።
«ታኢ» አሏቸው፤ በኦሮምኛ ተቀመጥ ማለታቸው ነው።
አባ ቢያ ገብተው ተቀመጡ። ፎቶውን እዚያው ትቼ በከሰዓቱ አውቶቡስ ብቻዬን ተመለስኩ።