እትዬ መርፌና የአራቱ ፔዳሎች ተራ

እኅታችን የተወለዱት በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ማክሰኞ ሌላ የሆነ ነገር አለመኖሩን የቤተሰቡ ታላላቆች በአንድ ድምፅ መስክረዋል። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው አዋላጅ ነበሩ። እናትየው የሰፈሩን ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው በራሳቸው ቀን አዋላጅ በማጣታቸው፣ እትብቱን የቆረጡት አባትየው በስፌት መቀሳቸው ነው ይባላል። አባትየው ይህን ሲያስተባብሉ «መቀሱ አዲስ ነበር» ከማለት አልፈው አያውቁም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የሒሳብ መምህሩ ለወላጆቻቸው በላኩት ደብዳቤ «መልሷ ልክ ነው፤ ነገር ግን እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን መስመር ቦታ ታቀያይርብኛለች» ሲሉ አቤት ብለዋል። አባትየው አንብበው «ልክ ከሆነ ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?» አሉና ደብዳቤውን ለኮት መለኪያ ቀደዱት።

በ1967 ዓ.ም. የአባታቸውን ስፌት ቤት ተረከቡ። ቤቲቱ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ስትሆን፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ቁም መስታወት፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት አንድ መጋረጃ ነበራት። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ያወሩ ስለነበር «እትዬ መርፌ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን አልወደዱትም፤ ሲጠሩበት ግን አቤት ይሉ ነበር።

ትዳራቸውን የመሠረቱት በ1972 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው፣ በመድረክ ስማቸው መብረቁ የሚባሉት ጊታሪስት፣ አንድ ሱሪ ሊያጠብቡ መጡ። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ሊያሰፉ መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያጠብቡ ሲመጡ እኅታችን «ሱሪው ደክሞታል፤ ጉዳይህን ተናገር» አሏቸው። ተናገሩ። በ1975 ዓ.ም. ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንድያ ልጃቸውን ወለዱ።

በ1979 ዓ.ም. መብረቁ ሙዚቃ ከተወ ወዳጃቸው አራት ፔዳል አገኙ። ለማታውቁት፣ ፔዳል ማለት በእግር እየተረገጠ የጊታርን ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ገመድ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ተራቸው ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። አንዱ ድምፅን ያሻክራል፣ አንዱ ያላቅሳል፣ አንዱ ያወዛውዛል፣ አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይጠራል። መብረቁ ሳጥኖቹን መጽሐፍ እንደሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ደረደሯቸው። ሳጥኖቹ ግን ገመድ የሚቀበሉት በቀኛቸው ነበር። በዚህም የተነሣ መጨረሻ ይሆናል የተባለው ማሚቶ መጀመሪያ ሆኖ አረፈው። አራት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት ጉድጓድ የገባ ሰው የድረሱልኝ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ይወጣ ነበር። አንዲት ጎረቤት የገባውን ሰው ልትጎትት ሁለት ጊዜ ጠፍር ይዛ መጥታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብረቁ የጊታር ክር ሊገዙ ወጡ። እኅታችን ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው፣ ገመዱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አዩና የሳጥኖቹን ተራ ገለበጡት። መብረቁ ተመልሰው አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱ። ጣቶቻቸውን እያዩ «ዛሬ እጄ ተፈታ» አሉ። እኅታችንም «እሰይ» አሉ።

በዚህች «እሰይ» ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ተኖረ።

ታናሽ ወንድማቸው ነገሩ እንዴት እንደተገለጠላቸው ሲጠይቋቸው፣ «ልብስ ሳይሰፋ ይተኮሳል እንዴ? ሻካራው ይቅደም፣ ማሚቶው ይከተል። ማሚቶውን ካሻከርከው እኮ ተኩሰህ መስፋትህ ነው» ብለዋል። ወንድምየው ገባኝ አሉ። አልገባቸውም ነበር።

ነገሩ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀር ባልከፋ። በ1981 ዓ.ም. ግን መብረቁ በሬዲዮ ቀርበው «እነዚህን ሳጥኖች ከእኔ እጅ በቀር የነካቸው የለም» አሉ። ሰው በሬዲዮ የተናገረውን እልፍኝ ገብቶ አያስተባብልም። ከዚያ ወዲያ የመብረቁ ስም በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ተራውን ማን እንዳስተካከለው ውሎ አድሮ ገብቷቸው ነበርና፣ የጊታራቸውን ድምፅ የሚያበጁት ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው መሆናቸው ቢሰማ፣ የሙያ ጓደኞቻቸው መሳቂያ እንዳያደርጓቸው ፈሩ።

ስለዚህ ዘዴ ተፈጠረ። ትርኢት ባለ ቁጥር መብረቁ የፔዳሉን ሻንጣ ይዘው ስፌት ቤት ይገቡና «ይቺ የጊታር ማንገቻ ትታይልኝ» ይላሉ፤ አስቀምጠው ጋዜጣ ሊያነቡ ይወጣሉ። እኅታችን በሩን ገርበብ አድርገው ሻንጣውን ይከፍታሉ፤ ለዕለቱ ዘፈኖች የሚስማማውን ተራ ይሰካሉ፤ ይዘጋሉ። መብረቁ በግማሽ ሰዓት ተመልሰው «ጠነከረች?» ይላሉ። «ጠነከረች» ይባላሉ። ያቺ ማንገቻ በሕይወቷ አንዲት ክር ተበጥሶባት አያውቅም።

መብረቁ የሚጫወቱበት ባንድ ሰዎች አላወቁም እንዳይባል፣ ድራመሩ መድረክ ከመውጣቱ በፊት «ጋሼ፣ ማንገቻዋ ታይታለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ከበሮው ላይ አይቀመጥም ነበር። ታይታለች ከተባለ ሁሉም በሰላም ይሠራል። አልታየችም ከተባለ ኪቦርዲስቱ የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ማንም ለማንም አልተናገረም።

ወጣት ጊታሪስቶች ምስጢሩን ሊማሩ ስፌት ቤት ድረስ ይመጡ ነበር። መብረቁ ወንበር ስበው «ተራ የሚባለው ነገር ከልብ ነው የሚመጣው» እያሉ ለሰዓታት ያስተምራሉ፤ እኅታችን መጋረጃው ኋላ ሆነው፣ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ቁራጭ ጨርቅ ይነክሳሉ። አንድ ብልጥ የሳጥኖቹን ተራ በወረቀት ነድፎ ሄደ። እኅታችን ለሚቀጥለው ሳምንት ዘፈን ተራውን ለወጡት፤ ልጁም ተመልሶ መጥቶ «ጋሼ፣ የእርስዎ ልብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል» አላቸው። መብረቁም «ጥበብ ነው» አሉት።

በዚህ ሁሉ እኅታችን አልተከፉም። ደስተኛ ሰው ነበሩ፤ ደስታቸውም ድምፁ ካማረበት ምሽት ይልቅ ባለቤታቸው ደረታቸውን ነፍተው በሚመለሱበት ጠዋት ይበልጥ ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዝራር እየተከሉ፣ ለታናሽ ወንድማቸው «አንድ ቀን ከአፉ ብሰማው አልጠላም። ግን አልለምነውም» ብለዋል። ወንድምየው ልንገረው ወይ ቢሏቸው፣ «ብትነግረው አፍህን ነው የምሰፋው» አሏቸው። ሁሉም ሙያቸውን ስለሚያውቅ አልተነገረም።

በ2012 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ስፌት ቤቷን ሳይዘጉ አንድ ዓመት ታከሙ፤ ሐኪሙ ዕረፍት ሲያዙላቸው የሐኪሙን ካፖርት እጅጌ አሳጠሩላቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሆስፒታል ተኙ። ሐምሌ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ፣ ባለቤታቸው እግራቸው ሥር ተቀምጠው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ይህን የጻፉትን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በልካቸው የተሰፋ ልብስ ለብሰው ዛሬ እዚህ የቆሙትን ሁሉ ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

የሕይወት ታሪክ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ባለቤታቸው ግን ቀጥሎ ያለው መጨረሻ ላይ ይነበብ ብለው አዘዋል።

ከማረፋቸው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባንዱ የተመሠረተበትን አርባኛ ዓመት የሚያከብርበት ትርኢት ነበር። መብረቁ ሻንጣቸውን ይዘው ሆስፒታል ቢሄዱ፣ በረኛው እንዲህ ያለ ብረት አይገባም ብሎ መለሳቸው። አዳራሹ ደጃፍ ከታክሲ ሲወርዱ ሻንጣው ወደቀና ሳጥኖቹ ከገመዳቸው ተበተኑ። እንደመሰላቸው ሰክተው ወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ጉድጓድ ገባ። አዳራሹ በአክብሮት አጨበጨበ። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነበር። የባሰ ተጨበጨበ። ድራመሩ ከኋላ «ይቀጥሉ ጋሼ፣ ደስ ይላል» አለ።

መብረቁ ጊታራቸውን አስቀምጠው መድረኩ ላይ ተንበረከኩ፤ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ በድምፅ ማጉያ ከፈቱት። ድራመሩ ሮጦ መጥቶ ማይክሮፎኑን ሊያርቅ ሲል፣ እጁን ገፋ አድርገው ማይክሮፎኑን ወደ ስልኩ አስጠጉት።

«አንቺ፣ ሳጥኖቹ ተበትነውብኛል» አሉ። «ማን ነው የሚቀድመው?»

በስልኩ የሆስፒታል ጋሪ ሲያልፍ ተሰማ።

«የቱን ዘፈን ነው የምትጫወቱት?» አሉ እኅታችን።

ነገሯቸው።

«እንግዲያው አልቃሻው ይቅደም። ቀጥሎ ሻካራው። ከዚያ ተወዛዋዡ። ማሚቶውን ግራ ጫፍ ላይ አድርገው። ገመዱ በቀኝ ነው የሚገባው። በቀኝ።»

መብረቁ በጉልበታቸው እየተሳቡ እንደታዘዙት ሰኩ።

«አሁን ቀስ ብለህ አውራ» አሉ እኅታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ይሰማሃል።»

መብረቁ ቀና ብለው አዳራሹን ከግራ ወደ ቀኝ አዩት።

«ሰምተዋል» አሉ። «አራት መቶ ያህል ናቸው።»