ከጆንያ የበሉ አሳማዎች

ውድ ባሌ ኤቫሪስቶ፣

ከሞትክ ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መቃብርህ ላይ ቆሜ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን እዚያ ጆሮውን የሚያቆም ሰው አይጠፋም፣ እኔም ይህን ጉዳይ ጮክ ብዬ ለማውራት ፊት የለኝም። እንግዲህ ስማኝ፤ አሳማዎቻችን ዘንድሮ በባሉጥ ፍሬ ፈንታ ከጆንያ መኖ በሉ።

አትቆጣ። የባሉጥ ዛፎቹ አንተ እያለህ መድረቅ መጀመራቸውን ታውቃለህ። ዘንድሮ በሽታው እስከ ወንዙ ዳር ወረደ። በጥቅምት አሳማዎቹን ነድቼ ስወጣ ከዛፎቹ ሥር ያገኘሁት ፍሬ ለቁርስ እንኳ የሚበቃቸው አልነበረም። ገብስ ብቻ ባበላቸው ስባቸው እንደ ሻማ ይደርቃል፤ ከእኛ ቤት የሚጠበቀው፣ በጨው ታሽቶ የሚደርቀው ታፋ ደግሞ ምላስ ላይ የሚቀልጠው ነው። እሱን ካበላሸሁ ገዢዎቻችን ይሸሻሉ፣ ከዚያ መሬቱን መሸጥ ነው።

የማንን በር እንዳንኳኳሁ ገምት። አሳማዎቹን ዘወትር ከጆንያ የሚቀልበውን የጎረቤታችንን የሌዎካዲዮን። መቃብርህ በዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ እንዳታየኝ ብዬ በወንዙ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

እሱ ቤት አሳማ የታረደ ጊዜ የሆነውን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ውርጭ ያበረደውን ስብ ጥራቱን ለመፈተን ቀድሞ በጣቱ የሚጫነው የተከበረ እንግዳ ነው፤ ሰውዬው ከጎረቤት ሁሉ መርጦ አንተን ጠራ። ስቡ እንደ ጥሩ ስብ ከጣትህ ሥር ለስልሶ ወዛ፤ አጠገብህ ስለነበርኩ አይቻለሁ። አንተ ግን ጣትህን በገበታው ጨርቅ ጠርገህ «የጆንያ ዘይት ነው» አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌዎካዲዮ ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም።

እና እዚያ በር ላይ ስቆም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስድብ ስጠብቅ ሰውዬው ልመናዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ ኮቱን ደርቦ ተከተለኝ። መኖው ውስጥ የሚገባው ዘይት ተራ የሱፍ ዘይት እንዳይሆን አስጠነቀቀኝ፤ በተራው ዘይት ስቡ ውሃ ይሆናል፣ ታፋውም በወጉ አይደርቅም። ቅባቱ የባሉጥ ፍሬን ቅባት የሚመስል ሌላ ዓይነት ሱፍ አለ፤ እሱን ከገብሱ ጋር እንዴት እንደማዋህድ አሳየኝ።

«አሳማ የበላውን ነው የሚለብሰው» አለኝ። «ዘይት ስትሰጪው የራሱን ስብ ለመሥራት ይሰንፋል። የሰጠሽውን እንዳለ ወስዶ ቆዳው ሥር ያስቀምጠዋል።»

ደግነቱ አልገባኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው ፊት ሊያዋርደኝ ቀን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አረድን። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አሳማዎቹ ከጆንያ መብላታቸውን፣ ታፋዎቹም የባሉጥ ተብለው እንደማይሸጡ ተናገርኩ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ሌዎካዲዮን ጠርቼ ቀድሞ እንዲጫን ለመንኩት። ተጫነ፤ ስቡ ያንተው ዘመን ስብ ነው፣ ወዛ። እኔ ዓይኔን ዘግቼ ብጫነው አልለየውም ነበር፤ ይህን ላንተ መጻፍ እንዴት እንደሚያሳፍረኝ ብታውቅ።

የገበታውን ጨርቅ ዘረጋሁለት። «ጥረግ» አልኩት፣ «ብድርህን መልስ።»

የሳቀ የለም። ሌዎካዲዮ ጣቱን አየት አደረገና ዳቦ ላይ አሸት አሸት አድርጎ ዳቦውን ጎረሰው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣ፣ ተከተልኩት።

«ኤቫሪስቶ አልነገረሽም?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሊሞት ሲል፣ በመጨረሻው መኸር፣ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ቆቡን አውልቆ። መኖውን አሳየኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ ‹ጣትህን ጥረግና ሂድ› ብዬ በሩን ዘጋሁበት።»

የዚያን ዓመት አሳማዎቹን ሳይሰቡ ሸጥካቸው። ጉልበቴ እምቢ አለኝ አልከኝ፤ እኔም አመንኩህና ክረምቱን ሙሉ ሰነፍክ እያልኩ ስጨቀጭቅህ ከረምኩ። ሌዎካዲዮ በሩን በመዝጋቱ ያለቅሳል፣ እኔ በጭቅጭቄ፤ አንተ ደግሞ ያችን በር ማንኳኳትህን ለሚስትህ እንኳ ለመንገር አፍረህ ሞትክ። ይህ ሰው ከሚታጠፍ ይሰበራል እያልኩ ከአርባ ዓመት በላይ አብሬህ ኖሬ አላወቅኩህም። እኔ አንተን ፈርቼ በወንዝ ስዞር ለካ መንገዱን ቀድመህ ሄደህበታል።

እሁድ ሌዎካዲዮን ይዤው እመጣለሁ፣ በዋናው መንገድ። ከስቡ ትንሽ በዳቦ ቀብቶ ሊያመጣልህ ይፈልጋል። ያን ጠዋት ከበር ስለመለሰህ ምን እንደሚልህ አያውቅም፤ ሲንተባተብ ታገሰው።

እባክህ እንዳታሳፍረኝ።

ያንተው ካሲልዳ