ሳንጠይቅ ያረስነው ማሳ

ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.
ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መውጫ፣ ከቤታችን

ለምወድህ ልጄ ለፈንታሁን፤

ያለህበትን ቤት እግዚአብሔር በሰላም ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጉልበቴን ብቻ ይነካካኛል። በሬዎቹም ደህና ናቸው፤ የቡሬ ጫንቃ ላይ ያለው ቁስል ግን ገና አልጠገገም። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሼ ነው ለመጻፍ የተቀመጥሁት።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈ ትል ይሆናል። በስልክ ስታናግረኝ እሺ ማለት ይቀናኛል። ድምፅህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ምን እሺ እንዳልሁ የማስበው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ለግብርና ሠራተኛችን ለመሠረት እሰጣታለሁ። ነገ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ በእጅህ ታደርስልኛለች። ስንዴያችንን የሚጎበኙት እንግዶች ኅዳር 14 ወደ ማሳው እንደሚመጡ፣ አንተም አብረሃቸው እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። ሳትመጣ ልታውቀው የሚገባህ ነገር አለ።

አስቀድሜ ደግ ደጉን ልንገርህ። ስንዴው አምሯል። የአርባ ሁለት ቤት ማሳ ኩታ ገጠም ሆኖ፣ አንድ ዘር ተዘርቶበት፣ ዛላው አጎንብሶ ከመንገዱ ላይ ሲታይ ዓይን ይሞላል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስንዴ አላየሁም። አንተ አዲስ አበባ ቢሮህ ተቀምጠህ በካርታ ያወጣኸው እቅድ እህል ሰጥቷል። ባይሰጥ ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

መሃሉ ላይ ግን የአክስትህ የደሳለች ማሳ ባዶውን አለ። አረም በቅሎበት ደርቋል። ከላይ ለሚያየው፣ አዲስ ጋቢ ላይ ፍም ወድቆ የበሳው ቀዳዳ ይመስላል።

ባለፈው ማክሰኞ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ታምራት መጣ። ደስ ብሎታል።

"አያ ባዩ፣ መላ ተገኘ! የእንግዶቹን ድንኳን እዚያች ባዶ ማሳ ላይ እንተክለዋለን። ባዶነቷም ይሸፈናል፣ እንግዶቹም ስንዴ መሃል ይቀመጣሉ።"

"ባለቤቷን ጠየቃችኋት?" አልሁት።

"እርስዎ ቃለ ጉባኤውን ከፈረሙ በኋላ የምን ባለቤት አለ?" ብሎ ሳቀ።

ቃለ ጉባኤው የደሳለች ማሳ "በባለይዞታዋ ቸልተኝነት ሳይለማ ስለ ቀረ" ተወስዶ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጥ ይላል። አራቱ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባላት ፈርመዋል። የቀረው የኩታ ገጠሙ ሰብሳቢ የሆንሁት የእኔ ፊርማ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያች ማሳ ሌላ ከጓሮዋ በቀር ምንም የላት።

ሐምሌ ላይ የሆነውን ታውቀዋለህ። ቢሆንም በወረቀት ላስቀምጠው፤ በአፍ ሲነገር እያሳመርሁት አስቸግሮኛል።

ደሳለች ሰኔ መግቢያ ላይ ገብስና ስንዴ ቀላቅላ ዘራች፣ እናትህም አያትህም ይዘሩት እንደነበረው። መሠረት ምርጥ ዘሩን ይዛላት ብትሄድ "ዘርሽን አልናቅሁትም ልጄ፤ እኔ ግን ገብስ እፈልጋለሁ" አለቻት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሦስት ጊዜም ለምን አልናት። "ስለምፈልግ" ብቻ አለች። ያ መልስ አናደደኝ። አርባ ሁለት ሰው እሺ ያለውን አንዲት ሴት ስለምፈልግ ብላ ታፈርሰዋለች አልሁ። ከዚያ ስልኩ ተደወለ። በስልኩ የተባለውን አልደግመውም፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ሐምሌ 11 ቀን የራሴን በሬዎች ጠመድሁ። ሌላ ሰው ቢያርሰው ቂም ይሆናል፣ እኔ ግን የእህቷ ባል ነኝ፣ ይቀላታል ብዬ ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ብልህ እንደሚሆን አየህ። ቡቃያው ስንዝር አልፎ ነበር። ደሳለች ድንበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ጨርሼ ሞፈሩን ሳነሳ "አያ ባዩ፣ ቡሬን ውሃ ያጠጡት፣ ደክሞታል" አለችኝና ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ እንድትዘራው ማሳው ዳር ትቼላት የመጣሁትን የስንዴ ዘር ከነጆንያው ደጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

በጥቅምት የነፍስ አባቴ "የባለቤትህ የስርጉት ሰባት ዓመት ተዝካር ጥር ላይ ይውላል፣ ምን አሰብህ?" አሉኝ። ልጄ፣ ረስቼው ነበር። በየሌሊቱ ስሟን በጸሎት እየጠራሁ የተዝካሯን ዓመት ረሳሁት። ስብሰባው፣ ጉብኝቱ፣ ለሰብሳቢነቴ የሚሰጠኝ የምስክር ወረቀት አእምሮዬን ሞልቶት ነበር። ለመማከር ደሳለች ዘንድ ሄድሁ። ከሐምሌ ወዲህ ደጇን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።

"ስለ እህትሽ ተዝካር ልንነጋገር ነው የመጣሁት" አልኋት።

"እኔማ ገና በሰኔ አስቤበት ነበር። ዘርቼለትም ነበር" አለች።

የእናትህን የተዝካር ገብስ ነው በገዛ በሬዎቼ የገለበጥሁት።

"ለምን አልነገርሽኝም? ይህን ባውቅ እነካው ነበር?"

"ለተዝካር መሆኑን ቢያውቁ ይተዉልኝ ነበር?"

"እንዴታ!"

"ለአህያዬ ቢሆንስ? ጠላ ጠምቄ ልሸጠው ቢሆንስ? እንዲያው ገብስ ሲያሸት ማየት ደስ ይለኛል ብልስ?"

ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ሳብሁ።

"አዩ አያ ባዩ፤ እርስዎን ደስ የሚል ምክንያት ይዤ ካልቀረብሁ መሬቴ መሬቴ አይደለም ማለት ነው።"

ካሳ ይሆናል ብዬ "ነገ በሬዎቼን ይዤ ልምጣና አለስልሼ ልረስልሽ" አልኋት። ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። "አሁንም ሳይጠይቁኝ ሊያርሱ? ስፈልግዎ እልክብዎታለሁ!"

ቤቴ ገብቼ ከሣጥኑ ላይ የዩኒቨርሲቲ ደብተርህን አወረድሁ። ደብረ ታቦር ኢኮኖሚክስ ስትማር፣ ለፋሲካ መጥተህ ያነበብህልንን ታስታውሳለህ? እናትህ ምስር እየለቀመች ነበር። ዋጋ ማለት መልእክት ነው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች የጎደላቸውንና የተረፋቸውን የሚነጋገሩበት ነው አልኸን። እናትህ "ይህን ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ አራት ዓመት የሚያስተምሩህ ይህን ነው?" ብላ አሳቀችን። አንተ ግን አልሳቅህም፤ ፊትህ በርቶ ነበር። ደብተሩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ሁለት ጊዜ ያሰመርህበት አለ፦ "በሺህ ቤት ውስጥ ያለውን እውቀት በአንድ ቢሮ መሰብሰብ አይቻልም። ሰው በነፃነት ሲሸጥና ሲገዛ ግን ማንም ሳይሰበስበው እውቀቱ ይሠራል።" በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ደጋግሜ አነበብሁት። ልወቅስህ አይደለም። እንጀራ እንጀራ ነው፤ ቢሮም የራሱ ሥርዓት አለው። ያን የበራ ፊትህን ግን ናፈቅሁት።

አያትህን አስታወስሁ። በደርግ ጊዜ እህል በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ይሰጥ ነበር። በረዶ ሰብሉን በመታው ዓመት ኮታው አልቀነሰም። አባቴ ወይፈኑን ሸጦ፣ ደብረ ታቦር ገበያ ጤፍ በውድ ገዝቶ፣ ለኮታው በርካሽ አስረከበ። የተሸከምሁት እኔ ነኝ። "ይህን ማን ወሰነው?" ብሎ ተረካቢውን ቢጠይቀው "ከላይ ነው" አለው። ያ ቃል በጆሮዬ ቀረ። አንተ ተምረህ ላይ ስትደርስ፣ እንግዲህ የእኔ ልጅ ላይ ካለ ላይ ደግ ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ አልልም። መንገዱን ማን አመጣው? ይህን ዘርስ? ዘሩን አምጥቶ "እነሆ፣ የፈለገ ይውሰድ" ማለትና በሰው ቡቃያ ላይ ሞፈር መስደድ ግን ለየቅል ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አደረግኋቸው፤ ምርቱ ቢያምር ይሸፍነዋል ብዬ። ይኸው ምርቱ አምሯል። አልሸፈነውም።

ለተዝካሩ ገብስ ልገዛ ገሳይ ገበያ ወጣሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጭ ገብስ ይዛ ተቀምጣለች። ዋጋ ጠየቅሁ፣ ተከራከርን፣ ተስማማን፣ ሰፍራ ሰጠችኝ። ለምን ፈለግኸው አላለችኝም። ልዘራው፣ ልጠምቀው፣ ለበቅሎ ልሰጠው፣ ግድ አልነበራትም። መንገድ ላይ ስመለስ ይህ ነገር ገረመኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ክብር እንዳለ አስተውዬ አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት ለእኔ ያደረገችውን፣ እኔ ለሚስቴ እህት አላደረግሁም።

ገብሱን ደሳለች ደጅ አወረድሁና "ትቀበይኛለሽ?" አልኋት።

"አሁን ገና ጠየቁ" አለች። ከዚያ በእጇ ዘግና አየችው። "እንክርዳድ አለበት። ተታለዋል" ብላ አስገባችው።

እንግዲህ ወደ ፊርማው ልመለስ። ሐሙስ ዕለት ታምራት ወረቀቱን ይዞ መጣ። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ከጽሑፉ ግርጌ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ይህ ማሳ ሳይለማ የቀረው በባለይዞታዋ ቸልተኝነት አይደለም። ሐምሌ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በቡቃያው ላይ ያረስሁት እኔ ባዩ ይሻው ነኝ።" ከዚያ ፈረምሁ።

ታምራት አንብቦ ላብ ላብ አለው። "ወረቀቱን አበላሹት! ማን እረሱ አለዎት? እኛ በጽሑፍ ያዘዝነው የለም!"

"እውነትህን ነው፣ በጽሑፍ አላዘዛችሁኝም" አልሁት።

በማግስቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደረሰኝ። ማን እንዳዘዘኝ ስሙን ጠቅሼ በጽሑፍ እንድመልስ፣ ማንም ካላዘዘኝ ግን የሰው ሰብል በማጥፋት እንደምጠየቅ ይላል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ኅዳር 13 ከቀትር በኋላ ነው። የደሳለችም ማሳ የሚወሰነው በዚያው ሰዓት ነው። ከላይ ታዝዞ የታረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ መሬቷ አይነካም፤ እኔ በራሴ ያደረግሁት ከሆነ ግን የዘመድ ጠብ ነው ብለው ያልፉትና መሬቱን ይወስዱታል። ታምራት ራሱ ነው የነገረኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቷል።

መሠረት እንደ ነገረችኝ፣ ይህ ጉብኝት ካማረ ዳይሬክተር ትሆናለህ። እናትህ ብታይ እንዴት ደስ ባላት። ይህንንም አስቤዋለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ያሰብሁት የለም፤ ቅዳሴው ላይ ቆሜ እንኳ የሚነበበው ወንጌል አምልጦኛል።

ደሳለች ሐምሌ ላይ ማን እንደ ደወለልኝ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። "ከቢሮ ነው" አልኋት። ለነፍስ አባቴ ይህንኑ ስነግራቸው "ውሸት ነው?" አሉኝ። "ውሸት አይደለም አባቴ፤ ግን እውነት አይደለም" አልኋቸው። ሰባት ቀን እንድሰግድ አዘዙኝ። እየሰገድሁ ነው።

መልሱን ጽፌዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ። "በስልክ ያዘዘኝ" ከሚለው ቀጥሎ የስሙን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። በሐሰት አልሞላውም፤ አንተንም ሳልጠይቅ አልሞላውም። ማክሰኞ ከእንግዶቹ ጋር ለማደር ደብረ ታቦር ስትደርስ ወረቀቱን ስሙን ጽፈህበት ለስብሰባው ይዘኸው ልትመጣ ትችላለህ፣ ትተኸውም ልትመጣ ትችላለህ። ትተኸው ከመጣህ ማንም አላዘዘኝም ብዬ የምጽፍ እንዳይመስልህ፤ ዝም እላለሁ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ደሳለችን ግን ምን እንደምላት አላውቅም። ያቺ ባዶ ቦታ የአንተ ናት፤ እኔ አላርሳትም።

የመጣህ ዕለት ድንኳኑ ተተክሎ ታየው ይሆናል። ወደ ድንኳኑ ሳትገባ በአክስትህ ደጅ እለፍ። ምን ልትዘሪበት ነው ብለህ አትጠይቃት። መሬትሽን ልርገጥ ወይ ብለህ ብቻ ጠይቃት።

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ልቦናህን ያብራልህ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ሰዓት ይሰውርህ። የእናትህ የስርጉት ነፍስ ካለችበት ትጸልይልህ። ብትመጣም፣ ብትቀርም፣ ብትጽፈውም፣ ባትጽፈውም ልጄ ነህ፤ በሩ አይዘጋብህም።

አባትህ
ባዩ ይሻው