በእርሳስ የጻፍኳቸው ቁጥሮች

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ያ ጉልበትህ በብርዱ እንዳይብስብህ ሳስብ ነው የምውለው። እኛ ደህና ነን። ልጄ ፈተናዋን ጨርሳ ሶፋው ላይ ተዘርራለች፤ ተነሺ ስላት «እማዬ፣ የደከምኩትን ያህል ልረፍ እንጂ» ትለኛለች።

ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ አትቆጣኝ። ሦስት ወር ሙሉ «ሥራ ደህና ነው» እያልኩ የጻፍኩልህ ውሸት ነበር። ማተሚያ ቤቱ የእርማት ክፍሉን ዘግቶታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩበትን ቦታ ኮምፒውተር ወሰደው። የስንብቱን ደብዳቤ ሳነበው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? «ከፍተኛ ችሎታ ያለዎት» ሊሉ ፈልገው «ከፍተኛ ችሎታ የለዎት» ብለውኝ ቁጭ! አንዲት ፊደል እኮ ናት። ቀዩን እስክሪብቶዬን አውጥቼ አረምኩና ለሥራ አስኪያጁ መለስኩለት። «ይህን አስተካክላችሁ ስታመጡ እፈርማለሁ» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔም ኮራ ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ጋ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። በማግስቱ እንደ ወትሮው ቦርሳዬን አንግቼ ወጣሁና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ጋዜጣ ፊቴ ዘርግቼ ዋልኩ። የባልደረቦቼን ስልክ ማንሳት ተውኩ። እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ሄደ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገ። የማተሚያ ቤታችን ሾፌር ነበር፤ መኪና ሲነዳ ኤሊ ስለሚቀድመው «ፍሬን» የምንለው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስልክሽን የያዝሽው ለጌጥ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

«ጋዜጣው እኮ የባለፈው ሳምንት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ጋር ዕንባዬም መጣ። ፍሬን መሐረብ ሰጠኝና ቤቴ ድረስ አደረሰኝ፣ በዚያው በኤሊ ጉዞው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ፍሬን ሁለት ሰው አስከትሎ ቆሟል። አንዷ ከትየባ ክፍል ናት፤ ወሬዋ አራት ነጥብ ስለሌለው «ነጠላ ሰረዝ» የምንላት። ሌላው መጽሐፍ ጠራዡ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ያወራ የሚመስለው ሽማግሌ።

ነጠላ ሰረዝ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። «እኔ በትርፍ ጊዜዬ የመመረቂያ ጽሑፍ እተይብ የለ፣ ተማሪዎቹ አራሚ አጥተው ይንከራተታሉ፣ አንቺ ጋ እልካቸዋለሁ፣ ፍሬን ማስታወቂያ ይለጥፍልሻል፣ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ የሚያርምለት ሰው ይፈልጋል አሉ፣ ማመልከቻውን ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ ሻይ አለ?»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ልጄ እዚያው ተቀምጣ ሁሉን ሰምታለች፤ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። «ማን ለምኑልኝ አላችሁ? የማንንም ምጽዋት አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። ነጠላ ሰረዝ ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ አለች።

ጠራዡ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እያሸ ተናገረ። «ዓይኔ ከደከመ አራት ዓመቱ ነው። የገጹን ቁጥር አላየውም። ገጽ አዛብቼ ብጠርዝ በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን በየታጠፈው ወረቀት ጥግ ላይ ትልልቅ ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ ጠበቀኝ። አንቺ እስክትወጪ ድረስ አንድም ቀን አልተቋረጠም።»

አቀረቀርኩ። ያወቀብኝ አይመስለኝም ነበር።

«የአምስት ቁጥርሽን ጅራት የትም ባየው አውቀዋለሁ» አለ። «ያ ምጽዋት ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«አሁንስ ማን ይጽፍልሃል፣ አባባ?» ብቻ አልኩት።

«እኔ ነኛ!» አለች ነጠላ ሰረዝ።

ልጄ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። «እኔም እኮ ካወቅሁ ቆየሁ፤ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። ከዚያ ሻይ ጠጣን፤ ማመልከቻውንም አምስት ሆነን ሞላነው።

ፍሬን ማስታወቂያውን በገዛ እጁ ጽፎ በየምሰሶው ለጠፈ። «የጽሑፍ እርማት እንሠራለን» በል ብንለው «የጽሑፍ እርምጃ እንወስዳለን» ብሎ አረፈ! አይቶ የሳቀ ሁሉ ደወለልኝ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አንዲት ነርስ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ባለፈው ሳምንት አለፈላት። ትምህርት ቤቱም ጠርቶ አንድ ገጽ ለመፈተኛ ሰጠኝ። እነሱ ሆን ብለው ያስገቧቸውን ስህተቶች በሙሉ አገኘሁ፤ ያላወቋቸውን ሁለትም ጨመርኩላቸው። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። የሦስት ወር ሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ወንበሩ ይንገዳገዳል፣ ካርቶን አጥፌ ሸጉጬበታለሁ። መስኮቴ ግን ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነው፤ ስህተት መልቀም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ጋሼ። እኔ እንድማር ብለህ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠህ ጋራዥ የገባህ ሰው ነህና አንተን የመመርመር መብት የለኝም። ግን በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አድራሻ ቀየርክ። ስለ ጋራዡ ልጆች ቀልድ መጻፍም ተውክ። «ሥራ ደህና ነው» ብለህ ብቻ ታልፋለህ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔም ሦስት ወር ጽፌያታለሁ።

ምንም አልጠይቅህም። ብቻ የኋላው ክፍል ባዶ ነው፤ ልጄ «የአጎቴ ክፍል» ብላ ቀለም ቀብታዋለች። ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ሞተር የሚያውቅ ሰው አጥቶ ተቸግሯል ትላለች። ወሬ ለወሬ ብዬ ነው ያነሳሁት።

እግርህ የረገጠበት ይቅናህ፤ እጅህ አይዛል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ብቻህን አያግኝህ። መምጫህን ማሳወቅ አያስፈልግም፣ በሩን ብቻ አንኳኳ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ