የአባትህ እግርና መብራቱ

ኮልፌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለኢብራር። አሰላሙ ዓለይኩም።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። አባትህ ስልኬን ላውድ አድርጎ ካልሰማ አይሆንለትም፤ ይህ ደግሞ ለብቻህ ነው። ዕቃ ልታመጣ ኢስታንቡል ለምትመጣው ለጎረቤታችን ለአልፊያ ሰጥቻታለሁ።

የእግሩ ቁስል ከስኳሩ ጋር ለመርፌም ለክኒንም አልበገር ብሎ፣ ሐኪሞቹ "ካልሆነ እግሩ ይቆረጣል" እስከማለት ደርሰው ነበር። ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ አዲስ ሕክምና እየሞከረ ነው ሲባል ወሰድኩት። ሰማያዊ መድኃኒት ይቀቡና ቀይ መብራት ያበሩበታል። ወዲያው ገባኝ። ይህንኑ ልትማር ከመሄድህ በፊት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለህ ያስረዳኸኝ ነው፤ ጀርሞቹ በርሜላችን ውስጥ እንደሚይዘው አረንጓዴ ዝልግልግ ቁስሉ ላይ ተጣብቀው መድኃኒት አላስገባ እንደሚሉ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ግን የተቀባው ቀለም እንደሚገድላቸው። "መጀመሪያ በርሜሉን እጠብልኝ" ብዬህ ተሳሳቅን። ያ ሳቅ ናፈቀኝ።

አባትህ ታዲያ "ቁስል ላይ ብርሃን? በምች ሊያስመቱኝ ነው!" ብሎ ጫማውን ፈለገ። ታውቀው የለ! ልጅ ሆነህ ጉልበትህ ተልጦ ስትመጣ ጂቪ ቀብቶ፣ ፀሐይ እንዳያይህ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ነበር የሚያስገባህ። ጓደኞችህ ውጪ ሲጫወቱ በመስኮት እያየህ ታለቅሳለህ፤ እሱም ሱቁን ዘግቶ አብሮህ ይቀመጣል። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!

ነርሷ ብትለምነው እምቢ። መጨረሻ ላይ "ሀያቱ፣ ይሄ እኮ ኢብራር የሚሠራው መድኃኒት ነው" አልኩት። ጫማውን ትቶ እግሩን ዘረጋላቸው። አሁን መብራቱ በበራ ቁጥር "ኢብራሬ፣ እንዴት ዋልክ?" ይለዋል። ነርሶቹ ይስቃሉ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ቁስሉ መጥበብ ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሕክምናው ግን ገና ይቀረዋል።

ባለፈው በስልክ "አባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" ስትል ያቋረጥኩህ ለዚህ ነው፤ ቢሰማ ሕክምናውን ይተወው ነበር። አልፊያ በፊተኛው ጉዞዋ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ቦንዳ ተሸክመህ አይታሃለች። እንዳታፍር ብላ ዞር አለች። ትምህርቱን እንደተውክ አውቄያለሁ ልጄ። አልቆጣህም፣ ሐላል ሥራ ነው፤ ወገብህ ግን ያሳስበኛል።

አርብ ሲደውልልህ ስለ መብራቱ ይጠይቅሃል። የምታውቀውን አስረዳው። ሌላውን፣ እግሩ ሲድን እኔው እነግረዋለሁ።

ከዚያ ግን ና። ባዶ እጄን እንዴት ብለህ አትቅር። እኛ የላክነው ልጅ ነው፤ የምንጠብቀውም ልጅ ነው።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ሸክምህን ያቅልልህ።

እናትህ ፈትያ