መዝገብ ላይ የሌለው መድኃኒት

ውድ የስምንተኛ «ለ» አለቃ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። ያልተመዘገበ መድኃኒት ማለት የተከለከለ መድኃኒት ማለት አይደለም። የተከለከለ ማለት መርምረውት፣ ጉዳቱን አይተው «አይግባ» ያሉት ነው። ያልተመዘገበ ማለት ግን «እዚህ አገር ልሽጠው» ብሎ ያመለከተ ኩባንያ የለም ማለት ነው። የሚፈልጉት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ የሚያዋጣው ነጋዴ አልተገኘም። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ባዶ መስመር ነው። ትርጉሙን ሳትይዝ ስሌት አትጀምር ስልህ የኖርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ ይህን ያዝ።

መድኃኒት ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትህ እስከ ዛሬ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራቱም «ለክቡር ዳይሬክተር» ብለው የሚጀምሩ፣ «እርስዎ» እያሉ የሚለምኑ ነበሩ። ይኼኛው አምስተኛው ነው። አንተ እያልኩ የምጽፍልህ ወንበርህን ንቄ አይደለም። «እርስዎ» ያልኩባቸውን እንዳላነበብካቸው ስለገባኝ ነው።

ባለቤቴን ታውቃታለህ። ለሽልማት በተጠራህበት ቀን የሱሪህ ጉልበት ተቀዶ መጸዳጃ ቤት ተደብቀህ ሳለ፣ እጅህን ይዛ አውጥታ በአሥር ደቂቃ ሰፍታ ወደ መድረክ የላከችህ እሷ ነች። የሚጥል በሽታ ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል። እዚህ የሚገኙትን ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች በየተራ ሞክራለች። አንዱ ቀኑን ሙሉ ያስተኛታል። አንዱ እጇን እያንቀጠቀጠ መርፌ መያዝ ከለከላት። ሦስተኛው ምንም አላደረገም፤ እንደ ድሮዋ ትወድቅ ነበር። በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሟ «የሚሆንዎት መድኃኒት አለ፤ እዚህ ግን የለም» አላት። ውጭ አገር ነርስ የሆነች የእህቷ ልጅ ከመንገደኛ ጋር መላክ ጀመረች፤ ቪታሚን የሚል ጽሑፍ ባለው ጠርሙስ። አሥራ አራት ወር ዋጠችው። በአሥራ አራት ወር አንድ ቀን አልወደቀችም። አቧራ የለበሰውን የስፌት መኪናዋን ገልጣ፣ ዘይት ቀብታ፣ እንደገና ሥራ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት የመኪናው ድምፅ ሲቀሰቅሰኝ ተመስገን እል ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። መድኃኒቱ በሰው ቦርሳ ተሸሽጎ፣ በሐሰት ስም መግባቱ ያንገበግበኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ «አሠራሩን አሳይ፤ መልስ ብቻ ነጥብ አያሰጥም» እያልኩ አስተምሬ፣ በቤቴ ውስጥ አሠራሩ የተደበቀ መልስ ሲዋጥ ማየት ከበደኝ። የመሥሪያ ቤትህን መመሪያ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አንቀጽ አሥራ አራትን አገኘሁ። በአገር ውስጥ ያልተመዘገበ መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ የግል ጥቅም፣ በሐኪም ማዘዣ፣ ለሦስት ወር የሚበቃ መጠን በልዩ ፈቃድ ሊገባ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱም በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ነገሩ በሰላም እየገባ ነው። ምን በድሎህ ነው ልትከሰው የተነሳህ?»

«ሕግ አለ እያልኩሽ።»

«ሕግማ አለ። እኔም አለሁ። ሁለታችንም አንተዋወቅም፤ ተዋድደን ነው የምንኖረው።»

አልሰማኋትም። ለእህቷ ልጅ ደውዬ ሦስት ካርቶን በፖስታ እንድትልክ፣ በላዩ ላይም ምን እንደሆነና ስንት ፍሬ እንደሆነ በትክክል እንድትጽፍ አዘዝኳት። ልጅቱ «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኳት።

የፖስታ ቤቱ ጉምሩክ ሠራተኛ ጥቅሉን ከፍቶ አየው፤ ማዘዣውን አየው፤ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«እንደሌለ አውቃለሁ። ልዩ ፈቃድ የምጠይቀውም ለዚህ ነው።»

«ቪታሚን ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አሁን ቤትዎ ነበሩ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸት ነው፤ ግን ይገባል» አለና ሦስቱን ካርቶን ከኋላው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ደረሰኝ ጻፈልኝ። አልተቆጣሁም። ሰውየው እያዘነልኝ መሆኑን እንኳ ያን ዕለት አላወቅሁም።

በማግስቱ አመለከትኩ። ቤት ውስጥ ስድሳ ፍሬ ቀርቶን ነበር። በቀን ሁለት ነው የምትወስደው። በአሥር ቀን መልስ ይመጣል የሚለውን አምኜ ለአሥር ቀን ሁለት ሁለት ዋጠች። በአሥራ አንደኛው ቀን ቢሮህ መጣሁ። ኮሪደር ላይ አገኘኸኝና አቅፈህ ሳምከኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ምንም አላረጁም» አልክ። አብረውህ ለነበሩት ሰዎችም «አጣርቶ መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብለህ አስተዋወቅከኝ።

«እንግዲያው ይህን አጣራልኝ» ብዬ ፋይሉን ዘረጋሁልህ።

አልተቀበልከኝም። «በመስኮት ይግባ ቲቸር። ለእርስዎ ብዬ አሠራር ብጥስ እርስዎን መናቅ ይሆንብኛል።»

እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ዕለት ኮርቼብህ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ሐኪሟ ደውሎ «በአንዴ ከምታቋርጥ ወደ አንድ ዝቅ ትበል» ብሎ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን አንድ ሆነ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ካውያ ይዛ ሳለ ወደቀች። ሌላ ክፍል ነበርኩ። ስደርስ ካውያው እጇ ሥር ነበር፤ የቀኝ እጇ፣ መርፌ የምትይዝበት። ስትነቃ የት እንዳለች አላወቀችም። እጇን በውኃ ስነክር ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። «መጣ እንዴ?» አለችኝ። በሽታውን መስሎኝ አዎ አልኳት። የጠየቀችው መድኃኒቱን ነበር።

መልስህ የደረሰኝ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ገጽ ነች። ፊርማህን አወቅሁት፤ በስምንተኛ ክፍል ደብተርህ ላይ ስትለማመደው አይቼዋለሁ። «የጠቀሱት መድኃኒት በአገር ውስጥ ያልተመዘገበ በመሆኑ ጥያቄዎ ተቀባይነት የለውም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብዬ ሰባት ጊዜ አነበብኩት። የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ልዩ ፈቃድ ምን ይሠራልኛል? ጥግ ካለው መድኃኒት ቤት እገዛው ነበር። አንቀጹ የተጻፈው ላልተመዘገበ መድኃኒት ነው፤ አንተ ደግሞ ስላልተመዘገበ ከለከልከው። ለጠማ ሰው «ውኃ የሚሰጠው ለጠማው ነው፤ አንተ ግን ጠምቶሃልና አይሰጥህም» እንደ ማለት ነው። ይህን ስሌት የዛሬ ሠላሳ ዓመት አሳይተኸኝ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ሰጥቼህ፣ ከሰዓት በኋላ አስቀርቼህ፣ እስኪገባህ አሠራህ ነበር። ስንፍና ነው እንዳልል ሰነፍ አልነበርክም። ታዲያ ምንድን ነው ብዬ ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት መልስ አላስደሰተኝም።

ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣችውን ልጅ ታስታውሳለህ? ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ዝናብ ይዘንባል። በር ላይ ቆመህ ስም ስትጠራ የሷ ስም አልነበረም። «ወረቀቴን ለቲቸር ሰጥቻቸዋለሁ እኮ» አለችህ። «መዝገቡ ላይ የለሽም» ብለህ በሩን ዘጋህባት። ቦርሳዋን አናቷ ላይ አድርጋ አርባ ደቂቃ ቆመች። ከሰሌዳው ዞር ባልኩ ቁጥር በመስኮት አያት ነበር። ወረቀቷ የት ነበር? የኔ መሳቢያ ውስጥ። እኔ መዝገብ የምሞላው ዓርብ ዓርብ ነበር፤ ሥርዓቴ ነው። ስሟ ያልነበረው እሷ ጥፋት ስላላት ሳይሆን እኔ ስላልጻፍኩት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ሥልጣንህን በተማሪ ፊት ላለመንካት ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴም አልበቃኝም፤ ክፍሉን አስጨብጭቤ «አለቃ ማለት እንዲህ ነው» አልኩህ። ፊትህ እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል።

የተናደድኩብህን ያህል በራሴም ተናድጃለሁ ስልህ ግን ነፃ ወጣሁ ብለህ እንዳታስብ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው ያበላሸሁት፤ አንተ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ነበረህ። ደግሞ አንድ ያላየኸው ነገር አለ። ደወሉ ሲደወል፣ እናንተ ወጥታችሁ ስታልቁ መሳቢያዬን ከፍቼ ስሟን ጻፍኩ። ዓርብን አልጠበቅሁም። የፈጀብኝ አንድ መስመር ነው። ማሞገሴን ሁሉም ሰማ፤ ማረሜን ማንም አላየም። አስተማሪ ከዚህ የባሰ ስሕተት የሚሠራ አይመስለኝም።

ዛሬ አርባ አንደኛው ቀን ነው። ዘጠኝ ፍሬ ቀርቶናል። ሦስቱ ካርቶን አሁንም ፖስታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ትናንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የእህቷ ልጅ ደግሞ ቪታሚን የሚል ጠርሙስ አዘጋጅታ አንድ ቃል ብቻ ትጠብቃለች። ባለቤቴ የታሰረ እጇን እያሳየች «እስቲ አሁን ደግሞ አላውቅም በል፤ ይህን ያህል ማወቅህ ምን ጠቀመኝ?» ትለኛለች። ዘጠኙ ሲያልቅ ልጅቱን «ላኪ» እላታለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ኮንትሮባንዲስት እሆናለሁ። ያን ዕለት ግን ለአንተው ስድስተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የመጣበትን መንገድ ሳልደብቅ። አሠራሩን አሳያለሁ። ያኔ ምን እንደምታደርገኝ ታስብበታለህ።

እስከዚያ ግን መሳቢያህን ክፈት። የማመልከቻዬ ቁጥር ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ አለ፤ አንቀጽ አሥራ አራትን በቀይ አስምሬበታለሁ። አንድ መስመር ነው የሚፈጅብህ። በመስኮት አትላከው፤ በፖስታም አትላከው፤ ቀን ይበላል። ስልኬ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እስከ ፊታችን ረቡዕ ደውልና ንገረኝ። ስልኩን ባለቤቴ ካነሳችው ለእሷ ንገራት፤ ድምፅህን ታውቀዋለች።

የሒሳብ መምህርህ የነበርኩት